መንታ የያዘችው ባዝራ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ከሁሉ በፊት ጤናሽን እጠይቃለሁ፤ እኔና እናትሽ ደኅና ነን። መንታ ማርገዝሽን የሚያበሥረው ደብዳቤሽ ደርሶን ደስ ብሎናል።

ጡረታ ብወጣም ከፈረስ ማራቢያው አልቀረሁም። በሰው ሠራሽ ዘዴ ያዳቀልናት ባዝራ መንታ መያዟን የእንስሳት ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አየ፤ ሁለቱን መሸከም ስለማትችል እጁን ከኋላዋ አስገብቶ አንደኛውን ፅንስ በጣቱ ተጭኖ አጠፋው።

«የሰውስ ነገር እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ጋሼ ደግሞ! ሰውና ፈረስ አንድ ነው እንዴ?» ብሎ ሣቀብኝ። እኔም አብሬው ሣቅሁ።

ይህን በጋጣው ደጃፍ ተቀምጬ ስጽፍ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ አየኋት፤ ሣሯን በደንብ ትበላለች። አንቺስ ትበያለሽ? ሐኪምሽ ያለውን ሁሉ ፈጥነሽ ጻፊልኝ፤ ግድፈት ቢኖርበትም እንደ ወትሮው በቀይ አርሜ አልመልስልሽም።

ሦስታችሁንም በሰላም ያቆይልኝ፤
አባትሽ።