ቀይ ወረቀት ያልነበረበት ስብሰባ

ለተከበሩ የክልላችን የሕዝብ ቁጥርና ፕላን ቢሮ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ሪፖርቶችዎ እንከን የለሽ፣ ዕድሜዎም እንደ መክፈቻ ንግግርዎ ረጅም እንዲሆንልዎ እመኛለሁ። እኔ ባለፈው ወር በጤና ጣቢያው አዳራሽ ከባለድርሻ አካላት ጋር የተደረገውን ምክክር እንዳሰናዳ በቢሮዎ የተቀጠርኩት የሕዝብ ግንኙነት አማካሪ ነኝ። ያን ዕለት ከጎንዎ ቆሜ ፎቶ ተነሥቼአለሁ፤ ዛሬ ፎቶው በየማስታወቂያ ሰሌዳው ተለጥፎ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሦስተኛ ወገን ግር እንዳይለው ነገሩን ባጭሩ ላስታውስ። ቢሮዎ የክልሉ ሕዝብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእጥፍ እንደሚያድግ ተነበየ። ዕድገቱን የሚከታተል ጽሕፈት ቤት አስፈለገ፤ ለጽሕፈት ቤቱ ክፍል ተፈለገ፤ ሲፈለግ ሲፈለግ የተገኘችው የጤና ጣቢያው ብቸኛ ማዋለጃ ክፍል ሆነች። የሕዝብን ዕድገት ከምንጩ ለመከታተል ከዚህ የተሻለ ቦታ እንደሌለ መቀበል ለእኔ ደካማ አእምሮ ጥቂት ቀናት ወስዶበታል። ምጥ የያዛት እናት ከእንግዲህ ድልድዩን ተሻግራ፣ ሁለት ሰዓት በመኪና ተጉዛ ሆስፒታል ትደርሳለች። ለስብሰባው በታተመው ብሮሹር ላይ ይህን «የተሻሻለ የአገልግሎት ትስስር» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በታላቅ ትሕትና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ወረቀቶቹ እጅግ አመሰግናለሁ። ታዳሚው አስተያየቱን በቀለም ለይቶ እንዲጽፍ ተስማምተን ነበር፤ ለድጋፍ አረንጓዴ፣ ለጥያቄ ቢጫ፣ ለተቃውሞ ቀይ። ስብሰባው ሊጀመር ሲል የፕሮቶኮል ሹምዎ ቀዩ ፎቶ ላይ እንደማያምር በጆሮዬ ሹክ አሉኝ፤ እኔም ካስደሰትኩ አይቀር ብዬ ቢጫውንም ጨምሬ መኪና ውስጥ ተውኩት። ሕዝቡ የቀረበለት አረንጓዴ ብቻ ስለነበር ብሶቱን ሁሉ በአረንጓዴ ጻፈ።

2. ስለ ቆጠራው ደግሞ አድናቆቴ ወሰን የለውም። ቢሮዎ ለምክር ቤቱ «አረንጓዴ አንድ መቶ አሥራ አራት፣ ቀይ ዜሮ፤ ሙሉ ድጋፍ» ብሎ ጽፏል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል እሰማ ነበር፤ አንድ ሙሉ ጆንያ ተለቅሞ ሳይ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እርግጥ ሪፖርቱን ያረቀቅሁት እኔ ስለሆንኩ የአብዬን ወደ እምዬ ልክክ ማለት አያምርብኝም። እርስዎ ሳያነቡ በመፈረም ያሳዩኝ እምነት ግን ከልቤ አይጠፋም።

3. ሦስተኛው ቅሬታ በአክስቴ ላይ ነው፤ የሚቀርብበት ቢሮ ስላላገኘሁ እርስዎ ዘንድ አምጥቼዋለሁ። አክስቴ በዚያች ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ያዋለዱ ናቸው፤ እኔንም ጭምር። ጡረታ ከወጡ ወዲህም ስብሰባ አያመልጣቸውም። ሪፖርቱ የወጣ ሰሞን ልጠይቃቸው ብሄድ መነጽራቸውን አድርገው ብሮሹሬን እስከ መጨረሻዋ መስመር አነበቡና፣ «ጎሽ የእኔ ልጅ፣ እንዴት ያለ ቋንቋ ነው! እናትህ አንተን ስታምጥ ይሄ ትስስርህ ኖሮ ቢሆን እኮ ድልድዩ ላይ ነበር የምትወለደው» አሉኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ቀጥለው የእሳቸውን ወረቀት አንብቤው እንደሆነ ጠየቁኝ። መቁጠሩን ቆጥሬዋለሁ፣ ማንበቡን ግን አላነበብኩትም አልኳቸው። ብድግ ብለው በሩን ከፈቱልኝና፣ አዝለው ያሳደጉኝን እኔን፣ «ደህና ይዋሉ» ብለው በአንቱታ ሸኙኝ። ክቡር ሆይ፣ በሥራ ዘመኔ ብዙ ተሰድቤአለሁ፤ እንዲህ ተከብሬ ግን አላውቅም።

ቤቴ ገብቼ የስብሰባው ወረቀቶች ያሉበትን ካርቶን ከፈትኩና አንድ መቶ አሥራ አራቱንም አንድ በአንድ አነበብኩ። የአክስቴ ሁለት መስመር ነው፤ «አልጋ ሁለት፣ ወላድ በወር አርባ። ክፍሉን ስትወስዱ የት ይውለዱ?» ይላል። በእርግጥ ድጋፍ የሆኑት ሁለት ወረቀቶች ብቻ ናቸው። አንዱ የሾፌርዎ ነው። ሌላኛው በእኔ እጅ የተጻፈ ነው፤ ሰዉ አሞላሉን እንዲያይ ብዬ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ናሙና።

ምክር ቤቱ ሐሙስ ጠዋት በሪፖርቱ ላይ ድምፅ ይሰጣል። እስከ ረቡዕ ሪፖርቱን እንዲያነሡት ከእግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ። ባይመችዎ ግን ዓይኔን በጨው ታጥቤ እንዳረቀቅሁት ሁሉ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ምክር ቤቱ ፊት እቆምና የቀሩትን አንድ መቶ አሥራ ሁለቱን ከአክስቴ ጀምሬ ጮክ ብዬ አነባለሁ። አክስቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ቀና ብዬ ላያቸው እንደምችል ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ቃላትዎን ሲያሳምርልዎ የኖረ፣ ዛሬ የራሱ ቃል ያሳፈረው፣
ታዛዥ አማካሪዎ

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ ካስቆጣዎ ቁጣዎን በጽሑፍ ቢልኩልኝ በደስታ እቀበላለሁ። ለዚሁ እንዲያገለግልዎ አንድ ንጹሕ ወረቀት ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ። ቀዩ ዛሬም መኪናዬ ውስጥ ስለሆነ የላክሁልዎ አረንጓዴ ነው፤ የፈለጉትን ይጻፉበት፣ እኔ እንደ ድጋፍ እቆጥረዋለሁ።