ስም የማይጻፍበት ጎተራ

ውድ ልጄ ኤደን፣

ብዕሩን የያዘው የወንድምሽ የአንዱዓለም እጅ ነው። ሌላ ሰው ልጥራ ስለው፣ ስለ እኔ የሚጻፈውን እኔው ልጻፈው አለ። እጁ ቶሎ ይደክማል፤ ፊደሉ ቢንጋደድ አትፍረጂበት።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ስለምታለቅሺ ነው። ለሚያለቅስ ሰው ነገር አይነገርም። እዚህ ካርቱም ወታደሮቹ ሰልፈኛውን ከበተኑ ወዲህ ኢንተርኔቱንም ቆርጠውታል። ደብዳቤውን ጎረቤታችን ሻምበል በመተማ በኩል አዲስ አበባ ሲገባ ይሰጥሻል።

ወንድምሽ ከፍቶበታል። መቅኔው ደም መሥራት ካቆመ ወዲህ በሰው ደም እንደሚኖር ታውቂያለሽ። ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል ልወስደው ጎህ ሳይቀድ እናንተ ባጃጅ በምትሉት ረክሻ ስንወጣ የሰፈራችን የዴም ወጣቶች ወታደር እንዳያልፍ መንገዱን በጡብ ዘግተውታል፤ መታሪስ ይሉታል። ወርጄ ልጄ ታሟል አልኳቸው። እንደ አጎቱ የሚጠራኝ የዳቦ ቤቱ ሀሰን ሳቀብኝ፦ "ዓም ንጋቱ፣ ጡቡን እንዲህ አቆላልፉት ብለህ ያሳየኸን አንተ አይደለህ?" እውነቱን ነው። መኪና የሚያፈርሰውን ግንብ እያየሁ ማለፍ አልቻልኩም፤ ግንበኛ ነኝ። አፍርሰው እስኪያሳልፉን ፀሐይ ወጣችብን። ስንደርስ የሱ ዓይነት ደም አልቋል አሉን።

ወደ አዲስ አበባ ከመሄድሽ በፊት በኮምፒውተርሽ ያሳየሽኝን አልረሳሁም። ተመራማሪዎች ከሰው መቅኔ የወሰዱትን፣ ስቴም ሴል የምትይውን የደም ሁሉ እናት፣ የትኛው ጂን፣ የትኛው የዘር ጽሑፍ፣ እንደሚሠራባትና የትኛው እንደተኛባት መዝግበው በኢንተርኔት ያኖሩታል አልሽኝ። ዳታቤዝ ነው አልሽ፤ እኔ ጎተራ አልኩት። ከየአገሩ ያስገባሉ፣ የአንዱዓለምም ገብቷል፣ የፈለገ ይወስዳል። ጂኑ ሁሉም ዘንድ አለ፣ ካልተነበበ ግን እንደሌለ ነው አልሽ። ይህ ለእኔ ለመሃይሙ ማስረጃ አያሻውም።

ነጠብጣቦቹንም አሳየሽኝ፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብ ከአንድ ሰው የተወሰደ አንድ ሴል ነው። የጃፓኑም የጀርመኑም ጤነኛ መሃል ተሰብስቧል። የአንዱዓለም የቱ ነው ብልሽ፣ ዳር ተነጥለው የቆሙትን ጥቂቶች በጣትሽ ነካሽ።

ስሙስ የታለ አልኩሽ።

"ስም አይጻፍም አባዬ፣ ቁጥር ብቻ ነው።"

ይህ እስካሁን ይቆጠቁጠኛል። ያለ ክርስትና ስሙ ቄሱ እንኳ ለሰው አይጸልይለትም። ይፈውሰዋል ወይ ብልሽ፣ ለማወቅ ነው እንጂ ለማዳን ገና ነው አልሽ። ዋሽተሽኝ አታውቂም። ኢንተርኔቱ ሲቆረጥ ግን ያ "ገና" ያልሽውም አብሮ የተቆረጠ መሰለኝ። አንዱዓለም ጎተራው ውጭ አገር ነው፣ የተዘጋው የእኛ በር ነው ይለኛል። ለተዘጋበት ሰው ልዩነቱ ምንድን ነው?

አሁን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ሰውየው ቢሞት፣ እዚያ የገባለት ይሰረዛል ወይ?

እዚህ ላይ እጁን አቆመ። ጻፍ አልኩት። "አይሰረዝም አባዬ" አለኝ። አንተን አልጠየቅኩም፣ ያላ ጻፍ አልኩት። ይኸው ጻፈ።

የማይሰረዝ ከሆነ በስሙ ይሁን። ክርስትና ስሙ ኃይለ ገብርኤል ነው። ሕጋችን አይፈቅድም ካሉሽ፣ ነጠብጣቦቹን በከፈትሽ ቁጥር አንቺ በአፍሽ ጥሪው። ይህን ቃል ግቢልኝ። ደሜን ልስጠው ብል አይሆነውም አሉኝ። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ስንት ፎቅ ያቆመ እጅ ለልጁ የሚያነሳው ነገር አጣ። በእጄ የቀረኝ ይህ ስም ነው።

አባትሽ ንጋቱ፤ የአውራ ጣቴ አሻራ ከታች አለ።

በል አንዱዓለም ልጄ፣ ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ። ስምህ ጋ ስትደርስ እንዳትዘለው።