መዝገብ ቢቃጠልባቸው «መድኃኒት ያቋረጠ» ላሉኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የቀበሌያችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ
አምባሰል

አሰላሙ ዓለይኩም። በመረዳጃ ዕድራችን፣ በቅሬያችን ስብሰባ ላይ ስሜን ጠርተው «ኤች አይ ቪ አለበት፣ መድኃኒቱን አቋርጧል፣ ሚስቱን ይበክላል» ብለው ተናገሩብኝ፤ ሚስቴ ስህንም ከቤቴ ወጣች። ይህን ካልሁ በኋላ የክቡርነትዎን ጤና እጠይቃለሁ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ምላስዎን ያሳጥርልን።

አንደኛ፣ በጦርነቱ ጤና ጣቢያው ሲዘረፍ መዝገቡ መቃጠሉን እንረዳለን። ታጣቂዎች ሳይደርሱ ወደ ደሴ፣ ደሴም ስትያዝ ወደ አዲስ አበባ መፍጠንዎን በአድናቆት ሰምተናል። እኛ እዚሁ ነበርን። ሲመለሱ አዲስ መዝገብ ከፍተው፣ የቀድሞ ቀጠሮውን ያጡበትን ሰው ሁሉ «ያቋረጠ» ብለው ጻፉት። የተቃጠለው ወረቀት እንጂ እኛ የዋጥነው ክኒን አለመሆኑን ለማወቅ ምን ያህል ትምህርት እንደሚያስፈልግ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ እኔ አንድም ቀን አላቋረጥሁም። ነርሷ ሰሚሃ የጦርነቱ ወሬ ሲከፋ የስድስት ወር ክኒን ሰጥታኝ፣ በማሽላ ጎተራዬ ውስጥ ደብቄ፣ በየቀኑ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ውጫለሁ። ከቢሮዎ እስከ ደጄ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ መጥቶ መጠየቅ ይቻል ነበር።

ሦስተኛ፣ ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ዓመቴ ያለ መምህር ነውና ብሳሳት ያርሙኝ፤ በቢሮዎ ግድግዳ የተለጠፈው ጽሑፍ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ሰው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም ይላል። የተለጠፈው ከወንበርዎ ጀርባ ስለሆነ ላያዩት ይችላሉ። የካቲት ላይ የመጣው የደም ውጤቴ «አይታይም» ይላል። ስህን በሽታዬን ከኒካሓችን በፊት ታውቃለች፤ ስምንት ዓመት አብራኝ ኖራ፣ በዚያው ሳምንት ተመርምራም ነጻ ናት።

አራተኛ፣ ወንድሟ አብዱልከሪም ሊወስዳት ሲመጣ ውጤቱን ዘርግቼ አሳየሁት። ኃላፊው በቅሬ ፊት ያሉትን ራሳቸው በቅሬ ፊት ካልመለሱት ወረቀት አላይም ብሎኝ ይዟት ሄደ። አልፈርድበትም፤ በእኛ አገር በቅሬ የተነገረ ነገር በማኅተም አይነሣም። ሁለት ጊዜ ቢሮዎ መጣሁ። ስለ ሕሙማን ምስጢር አጠባበቅ ሥልጠና ላይ ነዎት ተባልሁ።

ስለዚህ ቅሬው በሚቀጥለው ሲሰበሰብ፣ ያን ዕለት በቆሙበት ቦታ ቆመው «ተሳስቻለሁ» እንዲሉ በታላቅ ትሕትና አሳስባለሁ። አንድ ቃል ነው። አበል እንደሌለው አውቃለሁ፤ ይታገሱን።

ስለ ጤናችን እንቅልፍ ላጡልን ኃላፊ ያለኝን ወሰን የለሽ ምስጋና እየገለጽሁ፣
ሙሐመድሁሴን ኸሚስ
መጋቢት 2014 ዓ.ም.

ድኅረ ቃል፦ ይህን ደብዳቤ በቅሬው ቤት በር ላይ ልለጥፍ ስወጣ ስህን ጓዟን ይዛ ተመለሰች። ወንድሟን አላስፈቀደችም፤ የእርስዎንም ቃል አልጠበቀችም። እንግዲህ ለእኔ ብለው አይድከሙ። በዚያ መዝገብ ላይ ሳያቋርጡ «ያቋረጠ» የተባሉ፣ ሚስትና ባል ያላቸው ሌሎች አሉ፤ ለእነሱ ይናገሩላቸው። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ስለዚህ ነገር ለእርስዎም ለማንም አንዲት ቃል አልተነፍስም። ይቅርታ ሊሉ ደጄ ቢመጡ እንኳ ስለ ዝናቡ እንጂ ስለዚህ አንነጋገርም።