ዝሆን ሲታጠብ ስላልተቀበሉት የፍርድ ቤት ወረቀት

ለተከበሩ አቶ ራጋቫ ፓኒከር
የቼሩቶድ መንደር ምክር ቤት ዋና ጸሐፊ
ባሉበት (እንደምንገምተው፣ ከማራገቢያው ሥር)

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዎ፣ ለደም ግፊትዎና ዝናብም ፀሐይም ለማይለያት ጥቁር ጃንጥላዎ ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በንባብ ቤታችን ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ የደፈርኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። በእጅ የሚሰጥዎትን ወረቀት በየትኛው ስፍራና በየትኛው ሰዓት እንደሚቀበሉ የሚያውቅ ሰው በመንደሩ ስላጣሁ ብቻ ነው።

እኔ ሪንሲ እባላለሁ፤ የአቶ ኩርያኮስ ማታይ የልጅ ልጅ ነኝ። አያቴን ያውቁታል፤ ላለማወቅም ብዙ ጥረዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት በመሬት መዝገብ ቤት ያገለገለ፣ ለሴት አያቴ የጋብቻ ጥያቄውን በሦስት ቅጂ አቅርቧል እየተባለ የሚታማ ሰው ነው። ይህንንም ደብዳቤ በተራ ቁጥር እንድጽፈው ያዘዘኝ እሱ ነው። «ቁጥር የሌለው አቤቱታ ጭራ እንደሌላት ላም ነው፤ ዝንብ አያባርርም» ብሎኛል።

፩. ባለፈው ኦክቶበር ጎርፍ ድልድያችንን ሲወስድ፣ ድልድይ የመጠገን ግዴታ በሕግ የተጣለው በእርስዎ መሥሪያ ቤት ላይ ቢሆንም፣ ሥራ እንዳይበዛብዎት የሰጉ ጎረቤቶች ሁለት የኮኮናት ግንድ በቦዩ ላይ አጋደሙ። እርስዎም በማግስቱ መጥተው ግንዶቹን ፎቶ ስላነሱልን ከልብ እናመሰግናለን። ያንኑ ፎቶ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት «መሻገሪያ አለ» ብለው ማቅረብዎ ግን ከአቅማችን በላይ የሆነ ልግስና ነበር። በዚያ መሻገሪያ ላይ የጎረቤታችን የቫሳቫን ዳክዬዎች እንኳ አይሄዱም፤ ከሥሩ በዋና ነው የሚያልፉት። የቫሳቫን ልጅ አርድራ ደግሞ የክፍል ጓደኛዬ ናት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው፣ ዋናም አትችልም።

አያቴ ፍርድ ቤት የሄደው ስለዚህ ነው። ካሳ አልጠየቀም፤ እንዲቀጡም አልጠየቀም። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ሥራው የሆነ ሰው ሥራውን እንዲሠራ ይታዘዝልን የሚል። ፍርድ ቤቱም የፍርዱ ግልባጭ በአመልካቹ ከቀረበልዎት ቀን አንስቶ በሠላሳ ቀን ውስጥ ዊልቸር የሚያሳልፍ ድልድይ እንዲሠሩ አዘዘ። ክቡርነትዎ ከፍርዱ ውስጥ በቃልዎ የያዙት «ከቀረበልዎት ቀን አንስቶ» የሚለውን ብቻ መሆኑን ኋላ ተረዳሁ።

፪. ፍርዱ በጋዜጣ በወጣ ማግስት መሥሪያ ቤትዎ ዜናውን ቆርጦ በራሱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለለጠፈልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። የእርስዎ ስም በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበት ነበር። መንደሩ ሁሉ አነበበው፤ ማንበብ የማይችሉትም አስነበቡት። ነገሩን በይፋ እንዳላወቁ ሆነው የቀሩት እርስዎ አንድ ሰው ነበሩ።

፫. ፌብሩዋሪ ሁለት ቀን አያቴ የተረጋገጠውን ግልባጭ በቡናማ ፖስታ አሽጎ ሰጠኝ። «እጃቸው ላይ አድርሺ፣ መቀበያ ማኅተም አስመቺ፣ ሳታስመቺ እንዳትመለሺ» አለኝ። ቢሮዎ ስደርስ ሰባት ሰዓት ከሩብ ነበር። ጸሐፊዋ ወይዘሮ ሱማንጋላ ከምሳ ዕቃዋ ቀና ሳትል «ምሳ ነው የኔ ቆንጆ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ነይ» አለችኝ። እኔም ስምንት ሰዓት እስኪደርስ ብዬ የቤተ መቅደሱ ዝሆን ለበዓሉ ወደሚታጠብበት ወንዝ ዳር ወረድኩ። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ዘጠኝም ሆነ። ዝሆን ሲታጠብ ያየ ሰው ይፈርድልኛል።

እርስዎም እዚያው ነበሩ፣ ክቡር ሆይ። ጃንጥላዎን ዘርግተው ከፊት ረድፍ ቆመዋል። ሲያዩኝ እንዲህ ነበር ያሉኝ፦

«የኩርያኮስ የልጅ ልጅ አይደለሽም? ተፈረደላችሁ አሉ! እንኳን ደስ አላችሁ!»

«አዎ ጋሼ፤ ይኸው ወረቀቱ» ብዬ ፖስታውን ዘረጋሁልዎት።

ሁለት እጅዎን፣ ፖሊስ እንደያዘው ሰው፣ ወደ ላይ አነሱ። «እዚህማ አይሆንም ልጄ! እንዲህ ያለ ነገር ቢሮ ነው፣ በሥራ ሰዓት።»

የሥራ ሰዓት ነበር። ይህን ልነግርዎት አፌን ስከፍት ዝሆኑ ኩምቢውን ወደኛ አዙሮ ረጨን። እርስዎ ጃንጥላ ነበረዎት፤ እኔ የነበረኝ ፖስታው ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ነው። ቁጥሩን ግን አላቋርጥም፤ አያቴ ቆሞ ያየኛል።

፬. ፖስታው በስብሶ፣ የፍርድ ቤቱ ማኅተም ቀለሙ ደብዝዞ ነበር። እንዲህ ሆኖ ባሳየው አያቴ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ወረቀቱን በጂኦግራፊ መጽሐፌ መሸፈኛ ወረቀት ውስጥ አስገብቼ እስኪደርቅ ተውኩት፤ ነገ አደርሰዋለሁ አልኩ። ማታ «ሰጠሽ?» ሲለኝ «ሰጠሁ» አልኩት። «የመቀበያው ማኅተምስ?» ሲለኝ ደግሞ ከአፌ የወጣው የእኔ ቃል አልነበረም፤ የእርስዎ ነበር።

«በሂደት ላይ ነው» አልኩት።

ምን ዓይነት ቃል ነው፣ ክቡር ሆይ! ጥያቄውን ጸጥ አደረገው። በሳምንቱ ሲጠይቀኝ «በፖስታ እንልካለን ብለዋል» አልኩት፤ አመነኝ። ከዚያ በኋላ እውነቱ ከቀን ወደ ቀን ከበደ፤ ወረቀቱ ግን ደርቆ ቀልሎ ነበር። አያቴ በቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ እርሳስ ሠላሳ ቀን ሲሰርዝ፣ እያንዳንዷን ስረዛ ቆሜ አይቻለሁ።

በሠላሳ አንደኛው ቀን ነጭ በነጭ ለብሶ ቢሮዎ መጣ፣ በሰው ፊትም ጮኸብዎት። እርስዎ «አንድም ወረቀት አልደረሰኝም» አሉት። እሱ «የልጅ ልጄ አትዋሽም፤ የሚዋሸው ያንተ መሥሪያ ቤት ነው!» አለ። በዚያች ቀን በአገልግሎት ዘመንዎ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገሩ፤ ማንም አላመነዎትም። ለዚህ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ይህኛው ሽሙጥ አይደለም።

፭. ማርች ላይ የአሥረኛ ክፍል ፈተና መጣ። አርድራን አባቷ ዳክዬዎቹን በሚጠብቅባት ታንኳው በሐይቁ ዞሮ ከቦዩ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ያመላልሳት ነበር። በሒሳብ ፈተናው ቀን እምቦጭ አረም ወደ ሐይቁ የሚወስደውን ቦይ ዘጋው። ታንኳዋ ተይዛ ቆየች፤ ትምህርት ቤቱ በር የደረሱት አርባ ደቂቃ አርፍደው ነው። ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ በሩ አይከፈትም፤ ዘበኛውም ግዴታውን የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ውስጥ ነበርኩ። ከፊቴ ያለው የእሷ ቦታ ባዶ ነበር። የፈተናውን ሦስተኛ ጥያቄ የሠራሁት እሷ ባስተማረችኝ ዘዴ ነው።

እዚህ ላይ ከክቡርነትዎ አንድ ውለታ እለምናለሁ። «ወረቀቱ በጊዜው ቢደርሰኝም ኖሮ ድልድዩን አልሠራውም ነበር» ብለው በሁለት መስመር ቢጽፉልኝ፣ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። እርስዎን የሚያውቁ ሁሉ ይህን ይነግሩኛል። ነገር ግን በማኅተም ካልሆነ እኔም እንደ እርስዎ አልቀበልም።

አያቴ በኤፕሪል የዓይኑን ሞራ ተገፈፈ። ገና ማንበብ ስላልተፈቀደለት፣ ባለፈው ሐሙስ ጠበቃው የላከለትን ቃለ መሐላ እንዳነብለት ጠራኝ። የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ንቀዋል ብሎ እርስዎን ሊከስ፣ ሰኞ ሊምልበት ነበር። «የፍርዱ ግልባጭ ፌብሩዋሪ ሁለት ቀን በልጅ ልጄ እጅ ለተጠሪው ቢሮ መድረሱን በማረጋገጥ...» እስከሚለው ድረስ አነበብኩ። ከዚያ ማለፍ አቃተኝ።

«ቀጥይ እንጂ» አለ።

ጂኦግራፊዬን አምጥቼ መሸፈኛውን ገለጥኩለት።

ወረቀት መቅደድ የማይሆንለት ሰው ነውና ቃለ መሐላውን አልቀደደውም፤ በቀይ እርሳስ ሰያፍ መስመር ሳበበት፣ ከስረዛው ጎንም ፈረመ። «እኔን የዋሸሽው በቤታችን ያልቃል» አለኝ። «እኔን ግን በፍርድ ቤት ፊት በሐሰት ልታስምይኝ ነበር፣ ሪንሲ። ጻፊው። ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ በራስሽ እጅ።»

በማግስቱ ለአርድራ ነገርኳት። ዳክዬ እየቆጠረች ነበር፤ እስከ መጨረሻዋ ቆጠረች። ከዚያ «ዝሆኑን ግን በደንብ አየሽው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አላነጋገረችኝም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ያስቡት፦ እርስዎ ወረቀት እስኪመጣ ጠበቁ፣ እኔ ወረቀቱን ደበቅኩ። ሳንመካከር፣ ሳንስማማ፣ ከፍተኛውን ፍርድ ቤት ለሦስት ወር ረታነው። በዚህ ሥራ ላይ ጀማሪ ብሆንም ከእርስዎ እኩል መሥራቴን ሲያዩ በእኔ ሳያፍሩ አይቀሩም፤ እኔም እንደዚያው።

አርድራ የሒሳቡን ፈተና በድጋሚ የምትወስደው ጁን ዘጠኝ ነው። ዛሬ ሜይ ስምንት ነው። ግልባጩን ዛሬ ከተቀበሉኝ ሠላሳው ቀን ጁን ሰባት ላይ ይሞላል፤ ሁለት ቀን ይተርፈናል። ማኅተሙ ትንሽ ደብዝዟል፤ ይነበባል ግን። ዝሆኑ እንደረጨው ሊመሰክሩልኝ የሚችሉት ደግሞ እርስዎ ነዎት።

ጥፋቷን በተራ ቁጥር ያስመዘገበች፣ የእርስዎን ጥፋት ግን ለክቡርነትዎ ትሕትና ስትል ያሳጠረች፣ ማኅተምዎን በናፍቆት የምትጠብቅ የመንደርዎ ልጅ፣

ሪንሲ

ግልባጭ፦
ለአርድራ ቫሳቫን (ብታነበውም ባታነበውም)
ለወይዘሮ ሱማንጋላ (ከምሳ በኋላ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ እመጣለሁ፤ ምሳ እንዳይሉኝ ነው። አያቴ ከጎኔ ይቆማል። እንደሰማሁት አርድራና አባቷም ታንኳቸውን ከመስኮትዎ ሥር ያቆማሉ፤ ማኅተሙ ጠረጴዛውን ሲመታ ድምፁ እስከ ውኃው ይሰማል አሉ። ካልተሰማ አያቴ አዲሱን አቤቱታ አጽፎ ጨርሷል፤ ዛሬ ጠዋት እኔው አነበብኩለት፣ በዚህኛው ላይ አንድም የሚሰረዝ ቃል አላገኘሁም። ሁለተኛ ተጠሪ እርስዎ ነዎት። አንደኛ ተጠሪ እኔ ነኝ።