እትዬ ወለተሥላሴና የማርያም ዳገት

መስከረም 29፣ ሐሙስ

ዝናቡ ዛሬም አላባራም። ከቢሮ ስወጣ አባ ወልደ ጊዮርጊስን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። የእኛ የካቶሊኮች የመቁጠሪያ ወር ንግደት ለሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ተቆርጧል። መጀመሪያ የሺሺንዳ መንገድ ላይ ያለችውን ቤተክርስቲያን እንሳለማለን፣ ከዚያ የድሮ ሚሲዮናውያን የሠሯትን ዳገት ላይ ያለችውን ማርያም። ማታ ወደ ቦንጋ እንመለሳለን።

“ትመጫለሽ ኤሌኒ?”

“እመጣለሁ አባ።”

አክስቴ እትዬ ወለተሥላሴ ይሄዱ እንደሆነ አልጠየቅኩም። መች ቀርተው ያውቃሉ?

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ለንግደቱ የተከራዩት መኪና ተበላሽቷል። አባ ደወሉልኝ፤ የባለቤቴ የያሲር ሚኒባስ ቅዳሜ ሥራ አለው ወይ?

“ራሴ እነዳለሁ” አለ ያሲር። ከዚያ ሳቅ ብሎ፣ “አክስትሽ እኔን ሲያዩ አይወርዱም?”

አልሳቅኩም።

እናቴ ስትሞት ያሳደጉኝ እትዬ ናቸው። ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ሙስሊም ካገባሁ ጀምሮ ቤቴን ረግጠው አያውቁም። መንገድ ላይ እኔን ይስማሉ። ልጃችንን ህይወትን ይስማሉ። ያሲርን እንደ ስልክ እንጨት ያልፉታል።

ጥቅምት 7

ያሲር ሚኒባሱን ሲያጥብ ዋለ። በዚህ ጭቃ!

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ደክሞኛል፤ ግን ሳልጽፍ አልተኛም።

ጠዋት ሁሉም ተሳፈረ። እትዬ ብቻ ነጠላቸውን አጣፍተው ውጭ ቆሙ። ሹፌሩን ያያሉ፣ መንገዱን ያያሉ… አባ በመስኮት፣ “ወለተሥላሴ፣ መቁጠሪያውን ማን ያስጀምርልን?” ሲሏቸው ተሳፈሩ። መጨረሻ ወንበር። ጸሎቱን ሲጀምሩ ያሲር ሬዲዮኑን አጠፋ።

የሺሺንዳው በሰላም አለፈ። ዳገቱ ግርጌ ደረስን። መኪና አይወጣውም፣ በእግር ነው። እየዘመርን ጀመርን። ብዙም ሳንርቅ እትዬ አዳለጣቸው። “እግሬን!” ቁርጭምጭሚታቸው ወዲያው አበጠ።

አባ፣ “እዚሁ ይረፉ፤ ቁርባኑን ይዤልዎት እወርዳለሁ” አሏቸው።

እትዬ አለቀሱ። እናቴ ስትቀበር እንኳ እንዲህ ሲያለቅሱ አላየሁም። “እናቴ የተጠመቀችው እዚህ ነው። ከእንግዲህ የምመለስ ይመስላችኋል? በዚህ ዕድሜዬ?”

ማን ይሸከማቸው? አብዛኞቻችን ሴቶች፣ የቀሩት ሽማግሌ። ጩኸቱን ሰምቶ ያሲር ከመኪናው እየሮጠ መጣ። ፊታቸው ተንበረከከና ጀርባውን ሰጣቸው። በአካባቢው ቋንቋ በካፍኛ “ይታዘሉ” አላቸው። አባቱ ሱቅ ውስጥ ሲያድግ የለመደው ካፍኛ።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣሉ።

እኔ ከኋላ ጫማቸውን ይዣለሁ። ያሲር ዳገቱ መሀል ላይ ቆሞ ተነፈሰ።

“ከበድኩህ።”

“ከቡና ጆንያ ይቀላሉ እትዬ።”

“ውሸታም።”

እውነት ሳቁ? ወይስ ለእኔ መሰለኝ?

ቤተክርስቲያኗ ትንሽ ናት፣ ግድግዳዋ እርጥብ። በሩ ላይ አውርዷቸው ሊመለስ ሲል፣ እትዬ “ዝናብ ነው፣ ግባ” አሉት። ጫማውን አውልቆ ከኋላ ጥግ ተቀመጠ። እኔም ሁልጊዜ ከኋላ ነኝ፤ ከተጋባን ወዲህ፣ ጋብቻችን በቤተክርስቲያን ስላልሆነ፣ አልቆርብም። ሌላው ሊቆርብ ሲነሳ ወለሉን እያየሁ ብቻዬን እቀራለሁ። ዛሬ ግን ብቻዬን አልነበርኩም።

ጥቅምት 9፣ እሁድ

የእትዬ የቁርጭምጭሚት አጥንት ተሰንጥቋል። ሆስፒታል ጄሶ አደረጉላቸው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ውሃ ማን ይቀዳላቸዋል? ይህን እያሰብኩ ሳለ ያሲር ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ቤታችን ነዳ። እትዬ መንገዱ ገብቷቸዋል።

በሩ ላይ ስንደርስ፣ “እስኪሻለኝ ነው” አሉ።

ጥቅምት 10

ምሳቸውን መልሰው ላኩት። ሽሮ ነበር። “ድስቱ የእስላም ሥጋ ነክቷል” አሉ። ተናደድኩ። ያሲር አልተናደደም፤ ገበያ ሄዶ አዲስ ድስት ገዝቶ መጣ።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ህይወት ከእትዬ ጋር ካልሆነ አልተኛም ብላለች። የማርያም ሥዕላቸውን የአልጋው ራስጌ ላይ ሰቅለዋል። ያሲር ነው ሚስማሩን የመታላቸው።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ በእንቅልፍ ልቤ ድምፃቸውን ሰማሁ። በግድግዳው ማዶ፦ “ያሲር! አንተ ያሲር! አዛን ካለ ቆየ እኮ፣ ተነሳ!”

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ጄሶው ተፈታ። ዛሬ ወደ ቤታቸው መለስናቸው። ህይወት መንገዱን ሙሉ አለቀሰች።

በራቸውን ከፍተው ከገቡ በኋላ ተመልሰው ወጡ።

“እሁድ ምሳ እኔ ጋ ናችሁ፣ ጾም ሳይገባ። ሦስታችሁም።”

“ምን ይዘን እንምጣ?”

“ምንም።” ከዚያ ወደ ያሲር ዞሩ። “አንተ ቅዳሜ ብቻህን ና። ዶሮዋን በራስህ እጅ እረዳት፤ የምትበሏት እናንተ ናችሁ። እኔ ሽሮዬን እበላለሁ።”

መኪናው ውስጥ ገብተን ያሲር ቁልፉን ይዞ ቁጭ አለ።

“እሳቸው ደጅ? እኔ ላርድ?”

“አዎ።”

“እሳቸው ናቸው ያሉት?”

“ሰማሃቸው እኮ።”

አሁን ጓሮ ነው። ቢላዋ ሲስል ይሰማኛል። ገና ሐሙስ ነው እኮ…