ስለ አማቴ የሚሞቅ ፎጣ መስቀያ፣ ለሕንጻችን ኮሚቴ ሰብሳቢ

ለተከበሩ የሕንጻችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት፣ ማለትም ከእኛ ግድግዳ ወዲያ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ፣ ለተከበሩት ባለቤትዎ፣ እንዲሁም ፎጣ ሲተኩስ ለሰነበተው ቀኝ ትከሻዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ጎረቤትዎ ልብስ ሰፊው ነኝ። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት እንዲህ ያለ ምስጋና በሁለት ሰዎች መካከል ተደብቆ ቢቀር ነውር ስለሚሆንብኝ ነው።

እንደሚያውቁት አማቴ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ቁርጥማት አለባቸው፤ ብርድ ሲገባ ጣቶቻቸው ቁልፍ መቆለፍ ያቅታቸዋል። በሙቅ ውሃ መታጠቡን አይጠሉም፤ የሚጠሉት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። መታጠቢያ ቤታችን ፀሐይ አያየውም፣ ፎጣው እንደረጠበ ይከርማል፣ እሳቸው ያንን ተጠቅልለው ሲወጡ ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ሳሎን ድረስ ይሰማ ነበር። በመጨረሻም «ከእንግዲህ እኔን የሚያጥበኝ ገናዥ ነው» ብለው ሳሙናቸውን ለባለቤቴ አስረከቡ። ባለቤቴ በር ዘግታ አለቀሰች። እኔም ወጥቼ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ፎጣ መስቀያ ገዝቼ ተመለስኩ። ትንሽ መሰላል የሚመስል ብረት ነው፤ ፎጣ ሲሰቅሉበትና ሲያበሩት ፎጣው ደርቆና ሞቆ ይጠብቅዎታል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛው ግድግዳውን ይመለከታል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነው የሚስቴ ወንድም መስቀያውን ሊገጥም ድሪሉን ሲያስነሣ፣ መሰርሰሪያው ዘው ብሎ አልፎ በእርስዎ ሳሎን፣ ካባ ለብሰው ከተነሡት ፎቶግራፍ ጆሮ ሥር ብቅ አለ። ይቅርታ መጠየቃችን ይታወሳል። ግድግዳው ይህን ያህል ስስ መሆኑን ብናውቅ ኖሮ እኔው በመርፌ እበሳው ነበር፤ ነገር ግን ሕንጻው ሲሠራ ሲሚንቶውን የተቆጣጠሩት እርስዎ እንደነበሩ ደጋግመው ስለነገሩን ተማምነን ነበር።

ሁለተኛው ምርመራዎ ነው። በማግስቱ የኮሚቴ አባላትን አስከትለው መጡ፤ ቀኝ መዳፍዎን ብረቱ ላይ አሳረፉ፤ ማለዳው ብርዳም ነበርና ለማንሣት አልቸኮሉም። ቀጥሎ ግራውን አሳረፉ፤ ከዚያም ዞር ብለው ጀርባዎን ሰጡት። «ይህ ነገር ለሕንጻው አደገኛ ነው» ያሉት በሚገባ ከሞቁ በኋላ ነው። የውሃ ፓምፑን ኃይል ይሻማል አሉ፤ ነዋሪውን ቅንጦት ያስለምዳል፣ ዛሬ ፎጣ ያሞቀ ነገ ወንበሬን ላሙቅ ይላል አሉ። የሚስቴ ወንድም ከልብስ ካውያ ያነሰ ኃይል እንደሚወስድ ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት «አንተ ግድግዳ በሺ ዝም በል» አሉት። ኮሚቴው እስኪያጠናው ድረስ ይነቀል ተባለ፤ ተነቀለ። ኮሚቴው ሲያጠና ብርዱ ጠና፤ የአማቴም ሕመም አብሮ ጠና።

እሳቸውም ወደ ታላቋ ልጃቸው ቤት ለመሄድ ልብሳቸውን ማጣጠፍ ጀመሩ። ክቡር ሆይ፣ ስለ አማት ብዙ ቀልድ እንደሚቀለድ አውቃለሁ፤ እኔ ግን እናቴን በልጅነቴ ያጣሁ ሰው ነኝ፤ ሥራ ቦታ ውዬ ስገባ «መጣህ የኔ ልጅ?» የሚለኝ ድምፅ ከቤት ሊወጣ ነው ብዬ ሳስብ የምሰፋው ሱሪ አንድ እግሩ አጥሮ ቀረ።

ደግነቱ አማቴ ቆራጥ ሴት ናቸው። አንድ ቅዳሜ የሚያጣጥፉትን ትተው፣ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው የእርስዎን በር አንኳኩ። «ልጄ፣ ሙቀቱን ያስነቀልከው አንተ ነህ አሉኝ፤ እንግዲህ እዚሁ ልታጠብ» አሉዎት። እርስዎ ስለ መተዳደሪያ ደንቡ መናገር ሲጀምሩ ባለቤትዎ፣ እግዜር ይስጥልን፣ ከውስጥ ሆነው «ይግቡ እማማ!» አሉ፤ ውሃም አሞቁላቸው። ከዚያ ወደ እርስዎ ዞረው «በል አንተ ፎጣውን ተኩስ» አሉ። ይህን የምናውቀው ከፎቶግራፍዎ ጆሮ ሥር ያለው ቀዳዳ ድምፅ ስለሚያሳልፍ እንጂ ጆሯችንን ስለደቀንን እንዳይመስልዎ። «ሞቀ እንዴ?» ሲባሉ ሰማን፤ «ገና ነው» ሲሉ ሰማን፤ አንዱን ሲያሳርሩም ሸተተን። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ሆነ። አማቴ ፊታቸው ወዝ አውጥቶ ሲመለሱ «ለካ ሰብሳቢው እጁ ሙያ አለው» ይሉን ነበር።

ጥናቱም ባልታሰበ ፍጥነት ተጠናቀቀ፤ መስቀያው ለሕንጻው አደገኛ አለመሆኑ ተደረሰበት። ተመልሶ በተገጠመ ዕለት አማቴ ታጥበው፣ የሞቀውን ፎጣ እስከ አገጫቸው ተጠቅልለው እዚያው መታጠቢያ ቤት ቆመው ቀሩ። ባለቤቴ ደንግጣ «እማዬ፣ አመመሽ?» ብትላቸው «ተይኝ፣ አታስወጪኝ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ታላቋ ልጃቸው ቤት አላነሡም። ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ ይህቺኛዋ ምስጋና እንኳ ያለ ተንኮል ናት።

ሦስተኛውና ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ከዚያ ወዲህ የሆነው ነው። በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ መስቀያው «በኮሚቴው ያላሰለሰ ጥረት የተገኘ ውጤት» መሆኑን ሲገልጹ አጨበጨብን። የጎረቤት ሕንጻ ኮሚቴን ለጉብኝት ይዘው ሲመጡ ግን፣ ባለቤቴ «ቆይ፣ ሰው አለ» እስክትል እንኳ ሳይታገሡ የመታጠቢያ ቤቱን በር ወለል አድርገው ከፍተው «እነሆ!» አሉ። አማቴ አናታቸው ድረስ በሳሙና አረፋ ተሸፍነው ነበር። ሌላ ሴት ብትሆን ትጮኽ ነበር፤ እሳቸው ግን «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ሰብሳቢው ፎጣውን ያቀብለኝ፣ የቀራችሁት በሩን ዝጉ» አሉ። እንግዶችዎ ደረጃውን እየተገፋፉ ወረዱ። እርስዎ ግን ዓይንዎን ጨፍነው፣ በዳሰሳ፣ ላብዎ እየተንቆረቆረ ፎጣውን አቀበሉ። ከኮሚቴው ሥራዎች ሁሉ በዚያው ቀን ተጀምሮ በዚያው ቀን ሲጠናቀቅ ያየሁት ይህን ብቻ ነው።

ስለሆነም ወደፊት ከመግባትዎ በፊት እንዲያንኳኩ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ዕድሜና ሥልጣን አይለይዎ እያልኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤
አክባሪ ጎረቤትዎ፣ ልብስ ሰፊው

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከደረጃው ሥር ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። እዚያ ያለው አምፖል ከተቃጠለ ስለቆየ ማንበብ የሚፈልጉ ነዋሪዎች ባትሪ ይዘው ይውረዱ። እርስዎ ግን አይቸገሩ፤ ባለቤትዎ አንድ ቅጂ ከእኔ ተቀብለው እራት ላይ ጮክ ብለው ሊያነቡልዎ ቃል ገብተውልኛል።