የአባትሽ ኦሪጅናል ዲስክ

ልጄ ያኤል፣ መውጣት መግባትሽን ጌታ ይጠብቅልኝ፤ በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ። ሁላችንም ደህና ነን። የፉሪ መንገድ እንደገና ተቆፍሮ አቧራው አላስቀምጥ ብሎናል። ወንድምሽ ኤልዳድ ሥራው ስለራቀበት ልጁን ትንሿን ቤተልሄምን ትምህርት ቤት የሚያደርሳት አባትሽ ሆኗል።

እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው። መኪናዋ ፍሬን ስትይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። የፊቱ ፍሬን ዲስክ ከዚህ በፊትም ተጣሞ፣ ብረት የሚላጥበት ቶርኖ ቤት ወስዶ ፊቱን አስልጦ አስተካክሎት ነበር። አሁንም ላስልጠው ሲል መካኒኩ ሙሴ፣ "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሳስቶ ሳስቶ ቆርቆሮ ሆኗል። ደግሞ ከተላጠ ቁልቁለት ላይ ይሰነጠቅብሃል፤ አዲስ ይቀየር" አለው። አባትሽ ምን ቢለው ጥሩ ነው? "ከመኪናዋ ጋር የመጣ ኦሪጅናል አውልቄ የዛሬን የገበያ ዕቃ አላስርም!" እኔ ስናገረውማ፣ "አንቺ መንጃ ፈቃድ መቼ አወጣሽ?" እያለ ይስቅብኛል። ሌላ ቶርኖ ቤት ሊወስደው ቆርጧል።

ስለዚህ የመኪናዋን ቁልፍ ደበቅሁት። ቤቱን ሲያተራምስ እኔም አብሬው እፈልጋለሁ፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ። ቤተልሄምን በታክሲ የማመላልሳት እኔ ነኝ።

አንቺን ይሰማሻልና እባክሽ ደውዪለት። እኔ እንደነገርኩሽ ግን አይወቅ፤ ስለ መኪናዋ ጠይቂውና ራሱ ያውራልሽ። ያሳደገሽ አምላክ አይለይሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው። ብቻ ቶሎ ይሁን ልጄ፤ ዛሬ ጠዋት ለጎረቤት ደውሎ ቁልፍ የሚቀርጽ ሰው ሲያፈላልግ ሰምቼዋለሁ።

እናትሽ